ትርንጎ ያልጨረሰችው ሰሌዳ

አስናቀ ደውሎ «መምህር ጥላዬ ዐረፉ» ሲለኝ ከአፌ የወጣው ቃል «ነፍስ ይማር» አልነበረም። «ሰሌዳውስ?» ነው ያልኩት።

አስናቀ አብሮ አደጌ ነው፤ ዛሬ ጎንደር ፒያሳ ላይ መድኃኒት ቤት አለው። በልጅነቱም ቢሆን ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። «አንተ ሰው፣ ጤነኛ ነህ? ሰው ሞተ እኮ ነው የምልህ» አለኝ። አፈርኩ። እንደ ወጉ ነፍስ ይማር ብዬ ቀብሩ መቼ እንደሆነ ጠየቅሁት። ሊዘጋ ሲል ግን እሱው ራሱ ድምፁን ዝቅ አደረገና፣ «ሰሌዳውን መጥተህ ባለቤታቸውን፣ እትዬ ዘውዴን ጠይቃቸው። እኔ በስልክ የምነግርህ ነገር አይደለም» አለ። በማግስቱ ጎንደር ገባሁ።

ይህን የሚያነብ ሰው፣ ለአንድ ጥቁር ጣውላ ይህን ያህል መጨነቅ ምን የሚሉት ነው ይል ይሆናል። አልፈርድበትም። ሰሌዳውን የማያውቅ ሰውዬውን አያውቃቸውም፤ ሰውዬውን የማያውቅ ደግሞ ምን እንደቀረበት አያውቅም።

መምህር ጥላዬ በደርግ ጊዜ፣ ጎንደር በተማርኩበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሒሳብ አስተማሪያችን ነበሩ። የኮሶዬ ገበሬ ልጅ ናቸው። ኮሶዬ ብርድ ነው፤ እሳቸው ግን ያ አልበቃ ብሏቸው የባሰ ብርድ አገር ሄደው ተማሩ። ከሶሻሊስት አገሮች በአንዱ ኮምፒውተር የሚባል ነገር አጥንተው፣ እስከ ጉልበት የሚደርስ ወፍራም ካፖርት ለብሰው ተመለሱ። ካፖርቱ አብሯቸው መጣ፤ ማሽኑ ግን አልመጣም። አዲስ አበባ አንድ ሁለት መሥሪያ ቤት አለ ይባል ነበር፤ እዚያም ቦታ የለም ተባሉ። «ማሽኑ እስኪገኝ» ተብለው ጎንደር ሒሳብ እንዲያስተምሩ ተመደቡ። እንግዲህ አስቡት፤ ዋና ተምሮ ደረቅ ወንዝ ዳር የተመደበ ሰው ማለት ናቸው። ሌላ ሰው ቢሆን አረቄ ይጀምር ነበር። እሳቸው የሒሳብ ክበብ ጀመሩ።

አንድ ጊዜ ክበባችንን ኮሶዬ አባታቸው ቤት ይዘውን ሄዱ። አባታቸው አያ ገብሬ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው አንድ በአንድ አዩንና ወደ ልጃቸው ዞሩ። «አንተ ጥላዬ፣ ይሄ ተማርሁት የምትለው ማኪና የታለ?» አሏቸው። መምህር ገና አልመጣም አሉ። «ታዲያ ለሌለ በሬ ነው ቀንበር የምትጠርበው?» አሉ ሽማግሌው። እኛ ሳቃችንን ለመያዝ ከንፈራችንን ነከስን። መምህር ግን ራሳቸው ቀድመው ሳቁና፣ «በሬው ሲመጣ ቀንበር የለም እንዳይባል ነው፣ አባቴ» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የክበባችን ስም ቀንበር ሆኖ ቀረ።

የእሳቸው ቅጽል ስም ደግሞ «ጨረሳችሁ» ነበር። ያን ጊዜ መጽሐፍ ለክፍል አንድ ቢገኝ ነው፤ የተማርነው ሁሉ ከሰሌዳ ገልብጠን ነው። ሌላው አስተማሪ ሲጽፍ እየገለበጥን፣ ሲያጠፋ እየጮህን ነው ያደግነው። መምህር ጥላዬ ግን ዳስተሩን አንስተው ወደ ክፍሉ ይዞሩና «ጨረሳችሁ?» ይላሉ። አንድ ሰው «አልጨረስኩም» ካለ ዳስተሩ ወደ ቦታው ይመለሳል። እኛም እንደ ልጅ ስናፌዝ፣ ሁሉም ጨርሶ እያለ «አልጨረስንም!» እንላቸው ነበር። ማላገጣችንን ያውቃሉ፤ ግን ዝም ብለው ይጠብቃሉ። በኋላ ማላገጡ ራሱ ሰለቸን።

ሌላም ጠባይ ነበራቸው። የጥያቄን ቁጥር በመጨረሻ ነው የሚጽፉት። መጀመሪያ ጥያቄውን ከላይ እስከ ታች ጽፈው፣ ደግመው አንብበው፣ ከዚያ ነው በግራ በኩል «፩» የሚሏት። ቁጥሩ ከሌለ አትገልብጡ፣ ቁጥሩ ካለ አልቋል ማለት ነው ይሉን ነበር። እኛም መልስ ስንሠራ እንደዚያው እንድናደርግ አዘዙን። ቁጥሩን አስቀድሞ የጻፈ፣ መልሱ ልክ ቢሆን እንኳ አንድ ነጥብ ይቀነስበታል። በዚህች ጣጣ የተነሳ ከአሥር አሥር ማግኘት ብርቅ ሆነብን። እኔ በበኩሌ እብድ ናቸው ብዬ ደምድሜ ነበር።

እብደቱ የገባኝ ቀንበር ውስጥ ነው። ከትምህርት በኋላ ሌላው ክበብ መዝሙር ይለማመዳል፤ እኛ ማሽን እንሆናለን። ቀልዴን አይደለም። ማሽኑ ከሌለ እንሥራዋ ብለው በእኛው ሠሩት። እያንዳንዳችን አንድ አንድ አእምሮ ነን፤ ሰሌዳው የሁላችን የጋራ ማስታወሻ ነው። ገሚሳችን አንባቢ ነን፤ ከሰሌዳው ቁጥር አንብበን፣ ደምረን ቀንሰን ውጤት እናወጣለን። አንዱ ደግሞ ጸሐፊ ነው፤ ሰሌዳው ላይ ያለውን ይለውጣል። እያንዳንዱ ኮምፒውተር ውስጥ ሌላውን ሁሉ የሚያስተናብር አንድ ዋና ፕሮግራም አለ፤ ዛሬ በሙያችን ከርነል እንለዋለን። የዚያ ፕሮግራም ትልቁ ራስ ምታት ይኼው ነው፤ ብዙ አንባቢ እያነበበ አንዱ ሲጽፍ ምን ይደረጋል? ግማሹን አሮጌ ግማሹን አዲስ ያነበበ ሰው፣ ጨርሶ ካላነበበው የባሰ ይሳሳታል።

መጀመሪያ የሞከርነው በር ነበር። ብዙ ሰው አብሮ ቢያነብ ሰሌዳው አይጎዳም፤ የሚጽፈው ግን ብቻውን ይሁን። ስለዚህ አንባቢዎች ክፍል ውስጥ ካሉ ጸሐፊው ደጅ ይጠብቃል። ሸጋ ነው ብለን ጀመርን፤ ጸሐፊ ተብዬ እኔ ወጣሁ። አንዱ አንባቢ ሲወጣ ሌላው ይገባል፣ እሱ ሳይወጣ ሌላው ይጨመራል። እኔ ጠመኔዬን ይዤ በረንዳ ላይ ቀረሁ። ደወል እስኪደወል አንድ ፊደል አልጻፍኩም። ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። መምህር ግን አልሳቁም፤ ያ ዓመት የድርቁ ዓመት ነበር። «አያችሁ፣ ማንም ክፉ ሳይሆን አንዱ በረሃብ ይሞታል» አሉ።

በሚቀጥለው ሳምንት ሁለተኛ ሰሌዳ በትከሻቸው ተሸክመው መጡ። ከዕቃ ሣጥን ጣውላ ራሳቸው የገጣጠሙት፣ የባትሪ ድንጋይ ፈጭተው ያጠቆሩት ነው። በሁለቱ ሰሌዳዎች መካከል ሚስማር መቱና የምትዞር የእንጨት ቀስት ሰቀሉ። ሕጉን ዛሬም በቃሌ እወጣዋለሁ። አሮጌውን የሚያነብ ያንብብ፣ አትንካው። አንተ አዲሱን በሌላው ሰሌዳ ላይ ጽፈህ ጨርስ። ስትጨርስ ቀስቷን አዙር። ከእንግዲህ የሚመጣ ሁሉ ቀስቷን አይቶ ወደ አዲሱ ይሄዳል። አሮጌውን የያዘው በራሱ ጊዜ ጨርሶ ይወጣል። የመጨረሻው ሰው ሲወጣ፣ ያን ጊዜ ብቻ አሮጌውን አጥፋ። አንባቢው ስሙን አያስመዘግብ፣ በር አያንኳኳ፣ ማንንም አያስፈቅድ፤ መጠበቅ የጸሐፊው ዕዳ ነው።

አስናቀ ጸሐፊ የሆነ ዕለት ጉድ ፈላ። ችኩል ነው ብያለሁ። ለመፍጠን ብሎ ሁለት ተላላኪ ያዘ፤ ለአንደኛው ሰሌዳው ላይ የሚጻፈውን ሰጠው፣ ለሁለተኛው ቀስቷን አዙር ብሎ ላከው። በቅደም ተከተል ነው የላካቸው። ሁለተኛው ግን ሯጭ ነበርና ቀድሞ ደረሰ። ቀስቷ ዞረች፤ አንባቢዎቹ ወደ አዲሱ ሰሌዳ ሲሄዱ ግማሹ ባዶ ነው። ከእኛ የወጣው ውጤት ዓይን ያወጣ ስሕተት ሆነ። አስናቀ በቅደም ተከተል ልኬያለሁ ብሎ ተከራከረ። እውነቱን ነበር። መምህር ጠመኔያቸውን አንስተው በሁለቱ ትእዛዞች መካከል ወፍራም መስመር አሰመሩ። «መላክህ አይደለም ቁም ነገሩ፣ መድረሱ ነው። ይኼ አጥር ነው። ከአጥሩ በላይ ያለው ሳይደርስ ከአጥሩ በታች ያለው አይነሳም» አሉት። ጸሐፊው ብቻ አይደለም፣ አንባቢውም አጥር ያስፈልገዋል፤ ቀስቷን ሳያይ ሰሌዳውን በግምት ቀድሞ የሚያነብ ፈጣን ልጅ ከሰነፉ ይብሳል አሉን። ያኔ ነው የቁጥሩ ነገር የገባኝ። ቁጥሯ ቀስት ነበረች።

አሁን ወደ ትርንጎ ልምጣ።

ትርንጎ ከከተማው ወጣ ብሎ ካለ የቤተ እስራኤል መንደር ነበር የምትመጣው። አባቷ ቀጥቃጭ፣ እናቷ ሸክላ ሠሪ ናቸው። ከኋላ ትቀመጥ ነበር፤ ፊት የነበረ ወንበር ጠፍቶ ሳይሆን ከእሷ ጋር የሚቀመጥ ስለጠፋ ነው። በዓይናቸው ሰው ይበላሉ፣ ጅብ ይሆናሉ የሚባለውን ቅዠት ሁላችንም ከእናታችን ጡት ጋር ጠብተነው ነበር። ዓይኗ ደግሞ ሩቅ አያይም፤ መነጽር የሚባለው በእሷ ቤት የሚታሰብ አይደለም። ስለዚህ እያጨነቆረች፣ እያንዳንዷን ፊደል እንደምትስል ሆና ትገለብጣለች። ሁልጊዜ የመጨረሻዋ እሷ ናት። መምህር ስለ ቡዳ ተረት ንግግር አድርገው አያውቁም። ዳስተራቸውን ይዘው ቆመው እሷን ይጠብቃሉ፤ ክፍሉም አብሯቸው ይጠብቃል። ይኼን ሁሉ ዓመት ሳስበው ያን ያህል ያስተማረን ነገር የለም።

ከጥምቀት በኋላ በአንዱ ዓርብ፣ ትምህርቱ በዚያች በሣጥን ጣውላዋ ሰሌዳ ላይ ነበር። ስለ አጥሩ ነው፤ ከታች የቤት ሥራም አለበት። ትርንጎ የመጨረሻዎቹን መስመሮች ሳትጨርስ ደወሉ ተደወለ። መንገዷ ሩቅ ነው፣ መሄድ አለባት። ደብተሯን ዘግታ ወደ ፊት ወጣችና፣ ብዙ የማትናገር ልጅ፣ «አደራ መምህር፣ እንዳይጠፋ» አለቻቸው።

«አንቺ ጨረስኩ ሳትዪ አይጠፋም» አሏት።

መስኮቱ የተሰበረ ስለነበር ነፋስ ጠመኔውን ያራግፈው ነበር። መምህር ለዚህ መላ ነበራቸው፤ ጠመኔውን በስኳር ውሃ ነክረው ይጽፋሉ፤ ሲደርቅ ሙጭጭ ይላል። ስኳር ከቀበሌ በወረፋ በሚገኝበት ዘመን! እትዬ ዘውዴ ሻይ በጨው እየጠጡ ስኳራቸው ሰሌዳ ላይ ያልቃል እያሉ ለጎረቤት ሁሉ ስሞታ ይነግሩ ነበር። መምህር የቀሩትን መስመሮች በስኳር ጠመኔ ደግመው ጻፏቸውና ዙሪያውን አሰመሩበት።

ሰኞ ትርንጎ አልመጣችም። ማክሰኞም አልመጣችም። በሳምንቱ በመንደሯ ያለፈ ልጅ ቤታቸው ባዶ እንደሆነ፣ የአባቷ ወናፍ ብቻ ተጥሎ እንዳየ በሹክሹክታ ነገረን። የት እንደሄዱ ሁላችንም እናውቃለን፤ በእግር ወደ ሱዳን፣ ከዚያ ወደ ኢየሩሳሌም። መናገር ግን አይቻልም። አገር ጥሎ መውጣት ወንጀል ነው፤ የአጎቷ ቤተሰብ ደግሞ ገና አልወጣም ነበር። የእሷ ስም ከተነሳ የሚያዘው አጎቷ ነው። መምህርም ምንም አላሉ። ስም ሲጠሩ የእሷ ላይ ሲደርሱ ሰሌዳዋን አየት አድርገው ያልፋሉ። በሌላው ሰሌዳ እያስተማሩ ሳምንታት አለፉ።

እንግዲህ የሰው ዕድል ሲመጣ ቀን መርጦ አይመጣም። ያን ሰሞን ከአዲስ አበባ ጥሪ ደረሳቸው። ማሽን ተገኝቷል፣ ባለሙያ ይፈለጋል፣ በቶሎ ይምጡ የሚል። መምህር ጥላዬ ሲደነግጡ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ ጠመኔውን በተሳሳተው ኪሳቸው ከተቱ። ሻንጣ ገዙ። አያ ገብሬ ከኮሶዬ ድረስ መጥተው መረቁ፤ በሬው መጣ ማለት ነው? ብለው ጠየቁ አሉ። የሚሄዱት ከሜይ ዴይ በዓል ማግስት ባለው አውቶቡስ እንዲሆን ተቆረጠ።

ለበዓሉ ደግሞ መፈክር መጻፍ አለበት። የፖለቲካ ትምህርት የሚያስተምረን፣ እኛ ጓድ ንቃት የምንለው ካድሬ ነበር። እሱ ለመፈክሩ ያንን የሣጥን ሰሌዳ ፈለገ፤ ቀላል ነው፣ ተሸክሞ ሜዳ ላይ ማቆም ይቻላል። መምህር አሮጌውን መንካት አያስፈልግም፣ አዲስ እንሥራ አሉ። እውነትም በአንድ ቀን ከሌላ ሣጥን አዲስ ሰሌዳ ሠራንለት፤ መፈክሩ በቀይ ቀለም ተጽፎበት በአሮጌው ፊት ተሰቀለ። በእሳቸው ቤት ሕጉን በትክክል መፈጸማቸው ነው። በካድሬ ዓይን ግን ከመፈክር ጀርባ የተደበቀ ጽሑፍ ምን ሊመስል እንደሚችል ለአንድ አፍታ እንኳ አላሰቡትም። ይኼ ስሕተት ከሒሳብ አስተማሪ በቀር ከማን ይመጣል?

በዓሉ ሲቃረብ ጓድ ንቃት መፈክሩን ለመውሰድ መጣ። ሲያነሳው ከኋላው የትርንጎ መስመሮች ብቅ አሉ፤ ዙሪያው የተሰመረ፣ ጉንዳን የሰፈረበት፣ ከላይ «አይጥፋ» የተባለበት።

«ይሄ ለማን ነው?» አለ ጓድ ንቃት።

«ላልጨረሰ አንባቢ» አሉ መምህር።

«ስሙ ማን ይባላል?»

መምህር ወደ እኛ አላዩም። «አንባቢ ስሙን አያስመዘግብም» አሉ።

ክፍሉ ውስጥ የነበርነው ሁሉ ስሟን እናውቃለን። አንድም ሰው አልተነፈሰም። ከእሷ ጋር መቀመጥ እንቢ ብለው የነበሩት ልጆች እንኳ ደብተራቸው ላይ አቀርቅረው ቀሩ። አስናቀ፣ ያ አፈ ፈጣን፣ ጥርሱን ነክሶ አየሁት።

ወሰዷቸው። ሰሌዳዋንም አብረው ወሰዷት። ቀበሌ ውስጥ የተባለውን እትዬ ዘውዴ ናቸው በኋላ የነገሩን፤ ምግብ ሲያመላልሱ ሰምተውታል። ድብደባም ስድብም አልነበረም፤ ይልቅ ለስላሳ ነገር ነው የተናገሯቸው። የማን እንደሆነ ብቻ ንገረንና ነገ አውቶቡስህን ተሳፈር፣ ማሽንህ ዘንድ ሂድ አሏቸው። አንድ ቃል ነው የቀረችው። እትዬ ዘውዴ ራሳቸው ሻንጣውን አዘጋጅተው በር ላይ አስቀምጠው እንደነበር አልደበቁንም፤ ተናገርና እንሂድ ብዬዋለሁ አሉን። መምህር ግን ለባለቤታቸው ብቻ በጆሮ አጎቷ ልጆች አሉት አሏቸው፣ ለጠያቂዎቹ አንድ ቃል አልሰጡም።

አውቶቡሱ ሄደ። በዓሉ አለፈ፣ ሽማግሌ ገባ፣ የትምህርት ቤቱ ዲሬክተር ተለማመጠ፤ በመጨረሻ ተለቀቁ። ያን ጊዜ የአዲስ አበባው ቦታ በሌላ ሰው ተይዟል። ሲወጡ የጠየቁት ሰሌዳዋን ነው። የቀበሌው ሊቀ መንበር ጉንዳን አምጥታብኛለች፣ ውሰዳትና ገላግለኝ አሏቸው። የጻፈው እጅ ያውቅ ነበርና ስኳሩ እንደ ያዘ ነው፤ አንድ ፊደል አልረገፈም። በትከሻቸው አድርገው በፒያሳ በኩል ሲያልፉ አንዱ ባለ ሱቅ፣ «ምነው መምህር፣ ትምህርት ቤቱን ነቅለው ሊሄዱ ነው?» አላቸው። ሳቁ እንጂ አልመለሱለትም። ትምህርት ሳይዘጋ የአጎቷም ቤት ባዶ እንደ ሆነ ሰማን። መምህር ያን ቀን ሁላችንንም ከአሥር አሥር ሰጡን፤ ለምን እንደሆነ ማንም አልጠየቀም።

ሰሌዳዋ ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ ተሰቀለች፤ አቧራ እንዳይነካት ነጭ ጨርቅ ለበሰች። «የሰው ቤት ሥዕል ይሰቀላል፣ እኔ ቤት የቤት ሥራ» ይሉ ነበር እትዬ ዘውዴ። እያማረሩ ጨርቁን የሚያጥቡት ግን ራሳቸው ነበሩ።

እኔ አዲስ አበባ ቀርቼ የኮምፒውተር ሰው ሆንኩ። የመምህር ጥላዬ ልጅ ሌላ ምን ይሆናል? ደርግም ሄደ፣ ዘመኑም ተለወጠ፤ ማሽኑ በየሰው ቦርሳ ውስጥ የሚገባ ሆነ። አንድ ዓመት ላፕቶፔን ይዤ ሄድኩላቸው። ጡረታ ወጥተው ነበር፤ ያ ካፖርት አሁንም ትከሻቸው ላይ ነው። «በሬው መጣ» አልኳቸው። መነጽራቸውን ጠርገው ጠረጴዛው ላይ አጎነበሱ። ስንት አእምሮ አለው አሉኝ፤ ስምንት አልኳቸው። ሁሉም በአንድ ሰሌዳ? በአንድ ሰሌዳ አልኳቸው። ከርነሉ ውስጥ ያለውን ጽሑፍ ከፍቼ አሳየኋቸው፤ ይኼ አዲሱን መጻፍ ነው፣ ይኼ አጥሩ፣ ይኼ ቀስቷን ማዞር፣ ይኼ ደግሞ የመጨረሻው አንባቢ እስኪወጣ መጠበቅ። በጣታቸው አጥሩን ነካ አደረጉት። «አኑረውታል» አሉ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ የእኔም እንደዚያው።

ከዚያ ድንገት ቀና አሉና፣ «ሳይወጣ የቀረ አንባቢ ካለስ?» አሉኝ።

ማሽኑ ጥቂት ይታገሣል፣ ከዚያ አንድ አንባቢ አልወጣም እያለ ይጮሃል አልኳቸው።

«ይጮሃል እንጂ አያጠፋም?»

«አያጠፋም፣ መምህር።»

«ሸጋ ማኪና ነው» አሉ፤ ልክ እንደ አባታቸው አድርገው። ነጩን ጨርቅ አየት አደረጉ። እኔም ይኼኔ ነው ብዬ፣ ዛሬ ሰው መፈለግ ቀላል ነው፣ ትርንጎን ላፈላልግልዎ አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ጸሐፊ አንባቢን አይጎትትም፣ ይጠብቃል እንጂ አሉ። ስለ አዲስ አበባው ማሽን ግን አንድም ቀን ሲያነሱ ሰምቼ አላውቅም። እኔ ነኝ እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ።

ለቅሶ ቤት ስደርስ ድንኳኑ በየዘመኑ ባስተማሯቸው ሰዎች ሞልቷል። እትዬ ዘውዴ ጥቁር ለብሰው ተቀምጠዋል፤ ሲያዩኝ እጄን ይዘው ወደ ሳሎን አስገቡኝ። ጨርቁ የለም። ሰሌዳዋ ባዶ ናት፤ በታችኛው ጥግ ጭጋግ የመሰለ ነጭ ነገር ብቻ ቀርቷል። ማን አጠፋው አልኳቸው።

«እሱ ራሱ ነው» አሉ፣ ተቀምጠውም ነገሩኝ።

ክረምት ሳይገባ ነው፤ በር ተንኳኳ። ሲከፍቱ ጸጉሯ የሸበተ፣ መነጽር ያደረገች ሴት ቆማለች። መንደሯን ልታይ መጥታ፣ ትምህርት ቤቱ ሄዳ ጠይቃ ነው ቤቱን ያገኘችው። መምህር ታመው አልጋ ላይ ነበሩ። ትርንጎ ነኝ አለቻቸው። የት ነበርሽ አላሏትም፣ እንዴት ከረምሽም አላሏት። ጨርቁን በእጃቸው አሳዩና፣ እዚያ ላይ ነው ያቆምሽው አሏት። ሴትዮዋ ከቦርሳዋ ወረቀት አወጣች። እንደ ጥንቷ ቀስ ብላ፣ እያንዳንዷን ፊደል እየሳለች ገለበጠች። እትዬ ዘውዴ ምሳ ላቅርብ ሲሉ ባላቸው በእጃቸው ከለከሏቸው፤ አንባቢ አይረበሽም።

«ጨረስሽ?» አሏት በመጨረሻ።

«ጨረስኩ፣ መምህር።»

ከአልጋቸው ተነሱ። ደግፈን እናጥፋልህ ቢሏቸው እንቢ አሉ። ስኳሩ ደርቆ ስለነበር ለብ ያለ ውሃና ጨርቅ አስመጥተው፣ ከላይ እስከ ታች አጠፉት። ሁለቱ ሴቶች ተቃቅፈው አለቀሱ። እሳቸው ግን ተመልሰው ቁጭ አሉና፣ የቤት ሥራውስ አሏት። አጥሩ በየትኞቹ መስመሮች መካከል ይቆማል የሚለውን ጥያቄ እዚያው ጉልበቷ ላይ አድርጋ ሠራችው፤ እያዩዋት። ወረቀቱን ተቀብለው በቀይ እስክሪብቶ አረሙት፤ ከአሥር ዘጠኝ።

እትዬ ዘውዴ እዚህ ላይ ሲደርሱ እያለቀሱ ሳቁ። «‹ምነው መምህር፣ ከዚህ ሁሉ ዘመን በኋላ?› አለችው» አሉኝ።

«ምን አሏት?»

«‹መልሱ ልክ ነው። ቁጥሩን ግን አስቀድመሽ ጻፍሽ› አላት።»